የሲቲ ስካን ጨረር፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

የሕክምና ፊዚክስ ሰው ነኝ። ሥራዬ እነዚህን ማሽኖች መለካት ነው። የደረሱኝን ጥያቄዎች እነሆ።

እናቴ ሆዷን ሲቲ ስካን ተነሳች። ሪፖርቱ ላይ «ሲቲዲአይ 12 ሚሊግሬይ» ይላል። የወሰደችው ጨረር ይሄ ነው?

አይደለም። ሲቲዲአይ የማሽኑን የጨረር መጠን የሚገልጽ ቁጥር ነው፣ መለኪያው ሚሊግሬይ ይባላል፤ ግን ቁጥሩ የፕላስቲክ ነው! ፋንተም የምንለው ድፍን የፕላስቲክ ሲሊንደር አለ። የሆድና የደረቱ ስፋት 32 ሴንቲሜትር፣ የጭንቅላቱ 16 ነው። መሃሉና ጠርዙ ላይ ቀዳዳ አለው። እዚያ ውስጥ እርሳስ የመሰለ የጨረር መለኪያ ከተን እናነባለን። ሪፖርቱ የሚነግርህ በእናትህ ቦታ ያ ፕላስቲክ ተኝቶ ቢሆን ምን ያህል ያገኝ እንደነበር ነው።

እናትህ ቀጭን ከሆኑ ያገኙት ከተጻፈው ይበልጣል። የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር በ2011 እ.ኤ.አ. ለዚህ ማስተካከያ ሰንጠረዥ አውጥቷል። ወገቡ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ላለው ልጅ ቁጥሩን በ1.78 ታበዛለህ። 12 የነበረው 21 ይሆናል። ለልጆች የአዋቂ ሴቲንግ ሲጠቀሙ ሳይ የምናደደው ለዚህ ነው።

ሚሊሲቨርቱንስ እንዴት ላውቅ?

ሚሊሲቨርት ጨረሩ በመላ ሰውነት ላይ ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት የሚገምት መለኪያ ነው። ሪፖርቱ ላይ «ዲኤልፒ» የሚለውን ፈልግ። ሲቲዲአይ በተነሳው ርዝመት ሲባዛ ነው፤ 12 በ50 ሴንቲሜትር 600። ለአዋቂ ሆድ በ0.015 አብዛው፣ 9 ሚሊሲቨርት። ለጭንቅላት ማባዣው 0.0021 ብቻ ነው። ከአፈር፣ ከአየር፣ ከምግብና ከሰማይ በዓመት የምናገኘው በዓለም አማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ገደማ ስለሆነ፣ 9 የአራት ዓመት ያህል ነው። ግን ማባዣው የተሠራው ለአማካይ ሰው ነው። ግምት እንጂ የእናትህ ልክ አይደለም፤ «ካንሰር ይይዛታል፣ አይይዛትም» ለማለት አይሆንም።

መጀመሪያ እንዲሁ፣ ከዚያ በኮንትራስት (ምስሉን በሚያጎላ መድኃኒት) ደግመው አነሱኝ። እጥፍ ነው?

ቦታው አንድ ከሆነ፣ አዎ፣ እጥፍ ገደማ። ሁለቱን ዲኤልፒ ደምር። ሁለቱም ዙር ያስፈልግ እንደነበር ሐኪምህን መጠየቅ ነውር የለውም።

ኤምአርአይስ?

እንዲህ ያለ ጨረር የለውም። አልትራሳውንድም እንደዚያው።

ከተነሳሁ በኋላ ልጄን ልቀፍ? ወተት ብጠጣስ ጨረሩን ያጥበዋል?

ማሽኑ ሲያቆም ጨረሩም ያቆማል፣ አንቺ ላይ የሚቀር የለም። ልጅሽን እቀፊ። ወተቱ የሚያጥበው ነገር የለም፤ ካማረሽ ግን ጠጪ።