ሽጉጥ፣ ቃታና ቀፎ፦ የቅዳሜ ጥያቄና መልስ ከጎንደር

«ስለ ሽጉጥ በየመንገዱ ከምታስቆሙኝ አንድ ቀን ለይተን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ያው ቅዳሜ ደረሰ፣ ቡናዬም ቀርቧል። ለማታውቁኝ፣ ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ጎንደር ነው። ከ20 ዓመት በላይ በደንብ ልብስ አገልግያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሥራዬ ሽጉጥ ማሠልጠን ነበር። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ።

ሁለት ነገር ልበልና እንጀምር። ስለ ዋጋ፣ ስለ ግዢ፣ ስለ «የት ይገኛል» አልመልስም። ፈቃድን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። አንብቡት፤ ያልገባችሁን ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው፦ ማንኛውም ሽጉጥ የጎረሰ ነው፤ ጥይት በርሜሉ ውስጥ አለ ማለት ነው። ባዶነቱን በዓይናችሁ እስክታዩ ድረስ ጎርሷል። መጀመሪያ ጥይት የሚይዘውን ካዝና ማውጣት፣ ከዚያ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስቦ ውስጡን ማየት። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እናገረዋለሁ።

የአዘዞ ልጅ፦ ጋሼ፣ ምርጡ ሽጉጥ የቱ ነው?

ለምን ሥራ? ለማን እጅ? እንዲህ ከተጠየቅኩ መልስ የለኝም። አጥርተህ ጠይቀኝ።

የፋሲል ደጋፊ፦ እሺ እኔ ላጥራው። ማካሮቭ ወይስ ግሎክ?

የተሠሩበት ዘመንም ሐሳብም የተለያየ ነው። ማካሮቭ እ.ኤ.አ. በ1951 የሶቪየት ጦር የተቀበለው ነው። ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል፣ ክብደቱ 730 ግራም ነው። በርሜሉ አይነቃነቅም፤ አሠራሩም ቀላል ስለሆነ በቀላሉ አይበላሽም። የመጀመሪያው ቃታ ከባድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ይቀላል። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ጥይት ጣቱ ይታገላል፣ በሁለተኛው ደግሞ ሳያስበው ያመልጠዋል። ግሎክ 17 እ.ኤ.አ. በ1982 የኦስትሪያ ጦር የተቀበለው ሲሆን 17 ጥይት ይይዛል። ቃታው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ነው። ግን እንደ ማካሮቭ በአውራ ጣት የሚቆለፍ ነገር የለውም። ጣቱን ከቃታ ማራቅ ላልለመደ ሰው ግሎክ አልሰጥም።

ነርስ ከማራኪ፦ ወንድሜ የጥበቃ ሠራተኛ ነው። ሥልጠና ላይ ጥይቱ ሁሌ ወደ ታችና ወደ ግራ ይሄድበታል። «ሽጉጡ ተጣሟል» ይላል። እውነት ነው?

እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የምወደው! ቀኝ እጁን ነው አይደል የሚጠቀመው? እንግዲያው ሽጉጡን ይተወው፣ ደህና ነው። ችግሩ ጣቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ድምፁንና ምቱን ይፈራል። ሊፈነዳ ሲል ቀድሞ ይዘጋጅለታል። ዓይኑ ይጨፈናል፣ አንጓው ወደ ታች ይጫናል፣ መዳፉ በሙሉ ይጨመቃል። ጥይቱ ከበርሜል ሳይወጣ አፈሙዙ ዝቅ ብሎ ወደ ግራ ሄዷል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ስለሆነ ተኳሹ አያውቀውም። ስለዚህ «ብረቱ ተጣሟል» ይላል።

አንቺ ነርስ ነሽ። መርፌ ስትወጊ የሲሪንጁን ጭራ እንዴት ነው የምትገፊው? ክንድሽ አይነቃነቅም፣ ትከሻሽ አያግዝም። አውራ ጣትሽ ብቻ፣ በዝግታ፣ ሳያቋርጥ። ቃታም እንደዚያው ነው። አንዷ ጣት ብቻ ትሠራለች። የቀረው እጅ የሰው እጅ እንደጨበጠ ጠበቅ ብሎ ዝም ይላል። መቼ እንደሚፈነዳ ተኳሹ ራሱ በትክክል ማወቅ የለበትም።

እንዴት ይለማመድ? አሠልጣኙ ባሩድ የሌለው የማሠልጠኛ ጥይት ከእውነተኛው ጋር ቀላቅሎ ካዝናውን ይሙላለት። ወንድምሽ የቱ እንደሚመጣ አያውቅም። ባዶው ሲመጣ ድምፅ የለም፤ አፈሙዙ ግን ቁልቁል ሲነቀነቅ ራሱ ያየዋል። በዚህ ዘዴ ስንቱን ግትር አሳምኛለሁ።

ሌላው ሳንቲም ነው። ሽጉጡ ተፈትሿል፣ ጥይት የሚባል ነገር ክፍሉ ውስጥ የለም። የአንድ ብር ሳንቲም ከላይ፣ ከፊት ማነጣጠሪያው ኋላ ታስቀምጣለህ። ቃታውን ትስባለህ። ሳንቲሙ ካልወደቀ ጥሩ። 10 ጊዜ ሳይወድቅ ከሳብክ እጅህ ገርቷል። አፈሙዙን ወደ ጭቃ ግድግዳ አታዙረው። ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤት አለ።

የፋሲል ደጋፊ፦ ሽጉጥ የሌለውስ ምን ላይ ይለማመድ?

ግማሽ ሊትር ውኃ የሞላ ጠርሙስ ያዝ። ክንድህን ዘርጋና አንድ ደቂቃ ቁም። 40 ሰከንድ ላይ ትንቀጠቀጣለህ። በየቀኑ ሞክረው።

መምህር ከቀበሌ 18፦ ዓይንስ? ዒላማውን ነው የምናየው ወይስ ማነጣጠሪያውን?

የፊቱን ማነጣጠሪያ። ዓይን የኋላውን፣ የፊቱንና ዒላማውን በአንድ ጊዜ አጥርቶ ማየት አይችልም። የፊቱ ይጥራ፣ ዒላማው ይደብዝዝ። ማካሮቭ ላይ በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የፊቱ በ1 ሚሊ ሜትር ከተዛነፈ 10 ሜትር ላይ ከ7 ሴንቲ ሜትር በላይ ትስታለህ። እስኪ በማስመሪያ ለክተህ እየው።

የአራዳ ፎቶ አንሺ፦ ማካሮቭም 9 ሚሊ ሜትር፣ ግሎክም 9 ሚሊ ሜትር። ጥይቱ አንድ ነው ማለት ነው?

አይደለም! በፍጹም አይደለም። የማካሮቭ 9 በ18 ነው፣ የግሎክ 9 በ19። ቁመቱም ውፍረቱም ይለያያል። የድሮው የጣሊያን ቤሬታ ደግሞ 9 በ17 ነው። ሦስቱም «ዘጠኝ» ይባላሉ፣ አንዱ በሌላው ቦታ መግባት የለበትም። የሚያስገባ ሰው ጣቱን ሊያጣ ይችላል።

የቋራ ልጅ፦ ጋሼ፣ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የተጠቀሙበት ሽጉጥ ምን ነበር?

ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የተላከላቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን ነው ያመጣላቸው። መቅደላ በእኛ አቆጣጠር በሚያዝያ 1860 ስትወድቅ እጅ አልሰጥም ብለው በዚያው ሽጉጥ ሕይወታቸውን አጠፉ። የላከችው ንግሥት ጦርም ደጃቸው ላይ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

የፋሲል ደጋፊ፦ ስጦታ አይደለም፣ ከጦር ሜዳ የማረኩት ነው ይባላል።

የቋራ ልጅ፦ ማን ነው እንዲህ የሚለው? አያቶቻችን ስጦታ ነው ያሉት።

የፋሲል ደጋፊ፦ ታዲያ ሴባስቶፖልን የሠራ ንጉሥ ሽጉጥ በስጦታ ይጠብቃል?

ሴባስቶፖል ጋፋት የተሠራ መድፍ ነው፤ ከዚህ ጋር አታያይዙት። ሽጉጡ ስጦታ ነው። ክርክሩን እዚህ ላይ እንዝጋው፣ ሌላ ጠያቂ እየጠበቀ ነው።

ነርስ ከማራኪ፦ ያ ቱርካዊ በፓሪስ ኦሊምፒክ እጁን ኪሱ ከትቶ የተኮሰው፣ ጉራ ነው?

ጉራ አይደለም። ዩሱፍ ዲኬች ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2024፣ በ51 ዓመቱ፣ በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ድብልቅ ቡድን ከጓደኛው ጋር የብር ሜዳሊያ ወሰደ። ውድድሩ በአንድ እጅ ብቻ ነው የሚተኮሰው። ሌላው እጅ ሲወዛወዝ ሰውነትን ያናውጣል፤ ኪስ ውስጥ ሲገባ ያርፋል። ሌሎችም እንደዚያ ያደርጋሉ። ጥይቱ 4.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ ባሩድ የለውም። መሀል ያለችው የ10 ነጥብ ክብ 11.5 ሚሊ ሜትር ናት፤ ከሸሚዝ ቁልፍ ብዙም አትበልጥም። ከ10 ሜትር!

ከሁሉም የምወደው ግን የሃንጋሪው ካሮይ ታካችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 የእጅ ቦምብ ቀኝ እጁ ላይ ፈነዳ። በተኩስ የታወቀባት እጁ ናት። ለማንም ሳይናገር በግራው መለማመድ ጀመረ። በ1948 ለንደን ላይ በ25 ሜትር ፈጣን ተኩስ ወርቅ ወሰደ። በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ደገመው። የኛው አበበ ቢቂላም እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1970 እንግሊዝ አገር በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ተወዳድሯል። ለሠልጣኞቼ ሁለቱን አንድ ላይ ነበር የምነግራቸው።

የአዘዞ ልጅ፦ ጋሼ፣ አሁንስ ምርጡን ይነግሩኛል?

ልጄ፣ ያንኑ ነው የደገምከው።

የአራዳ ፎቶ አንሺ፦ እኔ ሠርግ አነሣለሁ። በተተኮሰ ቁጥር ጆሮዬ ይጮኻል። ጉዳት አለው?

አለው፣ ያውም የማይመለስ። የሽጉጥ ድምፅ 160 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ከ140 በላይ ከሆነ በአንድ ጊዜ ጆሮ ይጎዳል። ግን ከጆሮህ በፊት ተኩሱ ራሱ ያስጨንቀኛል።

መምህር ከቀበሌ 18፦ እሱስ ባህል ነው። ያለ ተኩስ ምን ሠርግ አለ? ጀግናስ ሲሞት በዝምታ ይሸኛል?

ነርስ ከማራኪ፦ መምህር፣ የወደቀ ጥይት ትከሻውን የመታውን ሰው እኔ ነኝ ያሰርኩለት። ግቢው ውስጥ ጸሐይ ሲሞቅ ነበር።

መምህር ከቀበሌ 18፦ እሱማ ቀጥ አድርጎ ያልተኮሰ ነው።

መምህር፣ አከብርዎታለሁ፣ ግን እዚህ ላይ ተሳስተዋል። ወደ ሰማይ የሄደ ጥይት ሰማይ ላይ አይቀርም። ቀጥ ብሎ የወጣው ፍጥነቱን ጨርሶ ይወድቃል፤ አናት ላይ ካረፈ ግን ይገድላል። ዘንበል ብሎ የወጣው ይብሳል። የሽጉጥ ጥይት ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይሄዳል። ሠርጉ አንድ ሰፈር፣ ቁስለኛው ሌላ ሰፈር ነው። ጎንደር ውስጥ ጣሪያው ሁሉ ቆርቆሮ ነው፣ ቆርቆሮ ጥይት አያቆምም። ለጀግና ፉከራ አለ፣ ቀረርቶ አለ፣ መለከት አለ። ሟቹን ለማክበር ሌላ ሟች ማከል አያስፈልግም።

መምህር ከቀበሌ 18፦ አንቱ፣ አልተቆጣሁም። ግን ያንን «የጎረሰ ነው» የሚሉትን ለምንድን ነው እንዲህ የሚደጋግሙት? ሁላችንም ሰምተናል እኮ።

እነግርዎታለሁ። ብዙ ዓመት ሆኖታል። አንድ ባልደረባዬ ቤት ለክርስትና ተጠርተን ነበር። ሽጉጡን ለእንግዳ ሊያሳይ አወጣ። የላይኛውን ብረት ስቦ ለቀቀ፣ አንዲት ጥይት ዘለለች። ከዚያ ካዝናውን አወጣ። «ይኸው፣ ባዶ ነው» ብሎ ቃታውን ሳበ።

ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል። ካዝናው ሳይወጣ ስለሳበ አንዷን አስወጥቶ ሌላዋን አጉርሷል። ጥይቷ መሶቡን በሳች፣ የጭቃውን ግድግዳ አልፋ ጓዳ ገባች። ጓዳ ሕፃኑ ከእናቱ ጋር ተኝቷል። ከፍራሹ አንድ ስንዝር ከፍ ብላ ምሰሶው ላይ ቀረች። እናቱ አልጮኸችም። ልጁን አንስታ አናቱን፣ ደረቱን፣ እግሩን አንድ በአንድ ዳሰሰችው። እኔ ከባልደረባዬ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ሲስበው አይቻለሁ። በእንግዳ ፊት አላሳፍረውም ብዬ ዝም አልኩ። አሠልጣኝ ነበርኩ።

ለዚህ ነው። መጀመሪያ ካዝና፣ ከዚያ መሳብ፣ ከዚያ ማየት።

የቋራ ልጅ፦ አያቴ ትተውት የሄዱ የጣሊያን ሽጉጥ ሳጥን ውስጥ አለ። ላዩ ላይ «1937» ይልና ቀጥሎ ፊደል የመሰለ ነገር አለ። ምንድን ነው?

ቤሬታ ሞዴል 1934 ይመስለኛል። 7 ጥይት ይይዛል፣ የጣሊያን መኮንኖች ይታጠቁት ነበር። ፊደል የመሰለህ የሮማ ቁጥር ነው። XV ከሆነ 15 ማለት ነው። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1922 ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ያለው ዓመት ነው። የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ እዚሁ ጎንደር እጁን የሰጠው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 27 ቀን 1941 ስለሆነ፣ ያኔ የቀረ ሊሆን ይችላል። ታሪክ ነው። ግን አትንካው፣ አትተኩሰው። ሞላው አርጅቷል፣ የጎረሰም ሊሆን ይችላል። ከማንቀሳቀስህ በፊት ለፖሊስ አሳውቅ።

የፋሲል ደጋፊ፦ ቱርክ ሠራሽ የሚባሉትስ?

ሕጋዊ ፋብሪካ የሠራው አለ። ድምፅ ለማሰማት ብቻ ተሠርቶ በኋላ በርሜሉ የተቀየረም አለ። ሁለተኛው ብረቱ ለስላሳ ስለሆነ እጅ ላይ ይፈነዳል። ከዚህ በላይ አልሄድም።

ነርስ ከማራኪ፦ ከሽጉጥ ሌላ ምን ደስ ይልዎታል?

ንብ። ከቤቴ ኋላ አምስት ቀፎ አለኝ። ከተኩስ የተማርኩት ሁሉ እዚያ ይሠራል። ስትቸኩል ይነድፉሃል። ትንፋሽህን ረጋ አድርገህ፣ እጅህን ቀስ ብለህ ካስገባህ እላይህ ላይ ይሄዳሉ እንጂ አይነኩህም። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ወደ ጎሃ ዳገቱን እወጣለሁ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ዳገቱ ሳንባ ይፈትሻል። አናቱ ላይ የፋሲል ግንብ ከዛፎቹ መሀል ሲታይ ቁጭ እልና ትንፋሼን እቆጥራለሁ።

የአዘዞ ልጅ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ልጨምር?

ምርጡን ልትጠይቀኝ ነው?

የአዘዞ ልጅ፦ አይ። አጎቴ ፈቃድ ያለው ማካሮቭ አለው። ትራስ ሥር ነው የሚያስቀምጠው። ያሉትን አነበብኩለት። «ባዶ ነው» አለኝ። እንዲያየው ለመንኩት። ካዝናውን አወጣና ሳበው። አንዲት ጥይት አልጋው ላይ ወደቀች።

ልጄ፣ አጎትህ ካዝናውን መልሶ አላስገባውም?

የአዘዞ ልጅ፦ አላስገባውም። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦት ቁጭ ብሏል። ምንም አይናገርም።

ጎበዝ። እንዳለ ይሁን፣ ማንም አይንካው። ጥይቱ ሌላ ክፍል ይሂድ። ከዛሬ ጀምሮ ቁልፍ ያለው ሳጥን እንጂ ትራስ ሥር አያድርም። ልጆች አሉ ቤት ውስጥ?

የአዘዞ ልጅ፦ ሁለት። ትንሿ አራት ዓመቷ ነው።

ቀፎው ለነገ ይቆየኝ። ባጃጅ ይዤ መጣሁ። አዘዞ የት ጋ ልውረድ?