«ሂንዱዎች በገዛ አገራቸው እያነሱ ነው ወይ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድም፦ ፑንጃብና አንድራ ኖሬ ካየሁት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ካነበብኩ ጀምሮ ከልቤ አልወጣም። ዱባይ አብሮህ የሚሠራው ህንዳዊ «በስንቱ ግዛታችን እኛ ሂንዱዎች አናሳ ሆነናል፤ በሃምሳ ዓመት ውስጥ አገር አይኖረንም» ብሎ ሲነግርህ እንባ ተናንቆት እንደነበር ጽፈሃል። እውነት ነው ወይስ ከቪዲዮ የለቀመው ወሬ ነው ብለህም ጠይቀሃል። ግማሹ ሰው «ውሸት ነው»፣ ግማሹ «እውነቱን ነው፣ እያለቁ ነው» ብሎ መልሶልሃል። እኔ ፑንጃብ ውስጥ ፓቲያላ ሁለት ዓመት፣ ከዚያም አንድራ ፕራዴሽ ውስጥ ቪሳካፓትናም አራት ዓመት ኖሬያለሁ። ያጠናሁት የሥነ ሕዝብ ትምህርት ስለነበር ቀን የቆጠራ ሰንጠረዥ ሳገላብጥ እውላለሁ፣ ማታ ደግሞ ሰንጠረዡ ውስጥ ካሉት ሰዎች ጋር ሻይ እጠጣ ነበር። ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

በአገር ደረጃ ያለው ቁጥር ግልጽ ነው። በ1951 ሂንዱዎች ከሕዝቡ 84.1 በመቶ ነበሩ፣ በ2011 79.8 በመቶ ሆነዋል። በራስ ቁጥር ከሄድን ደግሞ ከ300 ሚሊዮን ትንሽ አልፎ ከነበረው ወደ 966 ሚሊዮን ደርሰዋል። ከ2011 በኋላ ተካሂዶ ውጤቱ የወጣ ቆጠራ የለም፤ የ2021ዱ በኮሮና ምክንያት ተላልፏል። እኛም በራሳችን አቆጣጠር ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ስላልተቆጠርን ይሄ አይገርምህም። እያለቁ ነው የሚባለው እንግዲህ በአገር ደረጃ አያስኬድም። ግን ሰውዬው የተናገረው ስለ ግዛቶች ነው፣ እዚያ ላይ ያለው ነገር በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም። በ2011 ቆጠራ ሂንዱዎች ከግማሽ በታች የሆኑባቸው ግዛቶች ፑንጃብ፣ ጃሙና ካሽሚር፣ ናጋላንድ፣ ሚዞራም፣ ሜጋላያ፣ አሩናቻል ፕራዴሽና ማኒፑር ነበሩ፤ የላክሻድዊፕ ደሴቶችም አሉ። ሰባቱን በአንድ ቪዲዮ ላይ ደርድረህ ስታያቸው በእርግጥ ያስደነግጣል። እያንዳንዱ ግን ለብቻው ታሪክ አለው።

ከፑንጃብ ልጀምር፣ የኖርኩበት ነውና። ፓቲያላ ቤት ያከራዩኝ ሰውዬ ሂንዱ ናቸው፣ አንክል ጂ ነው የምላቸው። ትንሽ መድኃኒት ቤት አላቸው። ከገንዘብ መሳቢያው በላይ የሂንዱዎቹ አምላክ የዱርጋ ሥዕል ተሰቅሏል፣ አጠገቡ የሲክ ሃይማኖት መሥራች የጉሩ ናናክ ሥዕል አለ፤ ጠዋት ሱቅ ሲከፍቱ ለሁለቱም ዕጣን ያጨሳሉ። ወላጆቻቸው በ1947 አገሩ ሲከፈል ዛሬ ፓኪስታን ከሆነው ወገን ሸሽተው የመጡ ናቸው። ያን ጊዜ ከዚህኛው ወገን ሙስሊሞቹ በጥቂት ወራት ተነቅለው ወጡ፣ ከዚያኛው ሂንዱና ሲክ ጎረፈ። በመንገድ ላይ የሞተውን ቤት ይቁጠረው። ዛሬ በህንዷ ፑንጃብ ሙስሊሞች 2 በመቶ እንኳ አይሞሉም።

አንድ ማታ ስለ ጥናቴ ስነግራቸው አንክል ጂ እንዲህ አሉኝ፦ «እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ድረስ ብዙኃን ነበርኩ። አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ አናሳ ሆኜ ተገኘሁ። ቤቴ ግን ካለበት አልተነቃነቀም።» እውነታቸውን ነው። በ1961 ቆጠራ ፑንጃብ ውስጥ ሂንዱዎች 64 በመቶ ያህል፣ ሲኮች 33 በመቶ ያህል ነበሩ። በኅዳር 1966 ግዛቱ በቋንቋ ተከፈለ፤ ሂንዲ ተናጋሪው ሃርያና ተብሎ ወጣ፣ ተራራማው ክፍል ለሂማቻል ተሰጠ። በ1971 ሲኮች 60 በመቶ፣ ሂንዱዎች 38 በመቶ ያህል ሆነው ተገኙ። አንድም ሰው ሃይማኖቱን አልቀየረም፣ አንድም ሰው ዕቃውን አልጫነም። የተንቀሳቀሰው ካርታ ላይ የተሰመረው መስመር ነው።

ከዚያ በፊት በነበሩት ቆጠራዎች የሆነውንም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። የሲኮቹ ፓርቲ ፑንጃቢ የሚነገርበት ግዛት ይከለልልን እያለ ይታገል ስለነበር፣ ብዙ የፑንጃብ ሂንዱዎች ቆጣሪው ሲመጣ አፍ መፍቻችን ሂንዲ ነው ብለው አስመዘገቡ። «አባቴም እንደዚያ ነው ያስጻፈው፤ ደግሞ መልሱን የሰጠው በፑንጃቢ ነው» ብለው አንክል ጂ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ቆጠራ ፖለቲካ ሲሆን ምን እንደሚመስል ከዚህ በላይ የነገረኝ መጽሐፍ የለም።

ከ1966 በኋላ ደግሞ የፑንጃብ ሂንዱዎች ድርሻ በትንሹም ቢሆን ጨምሮ በ2011 38.5 በመቶ ሆኗል፣ የሲኮቹ ወደ 57.7 ወርዷል። በሰኔ ወር ባቡር ጣቢያ ብትሄድ ምክንያቱ ፊትህ ላይ ነው፤ ከቢሃርና ከኡታር ፕራዴሽ ለሩዝ ተከላ የሚመጡት ወጣቶች ጥቅልላቸውን በራሳቸው ተሸክመው ይወርዳሉ፣ አንዳንዱም እዚያው ይቀራል። የሲኩ ገበሬ ልጅ ደግሞ ወደ ካናዳ ይሄዳል።

ሰሜን ምሥራቁ ሌላ ነው። ናጋላንድና ሚዞራም 88 እና 87 በመቶ ያህል ክርስቲያን ናቸው፣ እውነት ነው። ነገር ግን የናጋና የሚዞ ሰዎች ቀድሞውንም ሂንዱ አልነበሩም። የራሳቸው የአያት ቅድመ አያት እምነት ነበራቸው፣ ከሚሲዮኖቹ ወንጌል የተቀበሉትም ከዚያ ተነስተው ነው። በአሩናቻል ክርስቲያኖች በ1971 ከ1 በመቶ በታች ነበሩ፣ በ2011 30 በመቶ ሆኑ። ይህ ፈጣን ለውጥ ነው፣ የሚያሳስበው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም፤ የተቀየረው ግን በብዛት የጥንቱ የጎሳ እምነት ነው። ማኒፑር ላይ ሂንዱና ክርስቲያን እኩል 41 በመቶ ሆነው ቆመዋል፤ ከግንቦት 2023 ጀምሮ የፈሰሰውን ደም ስለምታውቅ እዚያ ላይ አልቆይም።

አሁን ወደ አንድራ። እዚያ የገረመኝ የተገላቢጦሹ ነው። ቴላንጋና የሚባለው ክፍል ተለይቶ ሳይወጣ በነበረችው አንድራ ፕራዴሽ በ1971 ክርስቲያኖች 4 በመቶ ያህል ነበሩ፣ በ2011 ግን 1.3 በመቶ ብቻ። መንደሮቹን ግን በእግርህ ብትዞር አዲስ ቤተ ክርስቲያን የሌለበት ማግኘት ይቸግርህ ነበር። ምስጢሩን የፈታችልኝ የምንበላበት ቤት ምግብ የምታበስል እናት ነች፤ ሁላችንም አማ እንላታለን። እሑድ እሑድ ነጭ ሳሪ ለብሳ ትሄዳለች። አንድ ቀን ይዛኝ ሄደች፤ ሰዉ ጫማውን ደጅ አውልቆ፣ ሴቱ ራሱን ተሸፋፍኖ መሬት ላይ ተቀምጧል። አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ የልጇን የኮሌጅ ወረቀት እንዳነብላት ሰጠችኝ። ሃይማኖት በሚለው ቦታ «ሂንዱ» ይላል። እሷ ዳሊት ነች፣ በካስት ሥርዓቱ ከታች የተጣለው ሕዝብ። በ1950 በወጣው ደንብ ለዳሊቶች የተመደበውን የትምህርትና የመንግሥት ሥራ ኮታ የሚያገኘው ሂንዱ ነው፤ በ1956 ሲኮች፣ በ1990 ቡዲስቶች ተጨመሩ። ክርስቲያንና ሙስሊም የሆነ ዳሊት እስከ ዛሬ የለበትም። ክርስቲያን ነኝ ብላ ብታስጽፍ ልጇ የኮሌጁን ቦታ ያጣል። «እግዜር ያውቀኛል፣ ወረቀቱ ለመንግሥት ነው» አለችኝ። አየህ፣ ቁጥሩ እሷ ሂንዱ ነች ይላል፣ ቤተ ክርስቲያኗ ሌላ ትላለች። እኔ በዚህች ሴት አልፈርድም፤ በደንቡ ግን አዝናለሁ።

ስለ ወሊድም ብዙ ይወራል፣ እሱን ላሳጥረው። በኬራላ ሂንዱዎች በ1951 ከነበሩበት 61.6 በመቶ በ2011 ወደ 54.7 ወርደዋል፣ ሙስሊሞች ከ17.5 ወደ 26.6 ወጥተዋል። የክርስቲያኖቹም ድርሻ ቀንሷል፤ እነዚህ ክርስቲያኖች ደግሞ ትናንት የመጡ አይደሉም፣ የኛ እህት ቤተ ክርስቲያን የሆነችው የማላንካራ ኦርቶዶክስ ምእመናን ጭምር ናቸው፣ አባቴን ሒሳብ ያስተማሩት ህንዳዊ መምህርም ከእነሱ ነበሩ። ሂንዱውና ክርስቲያኑ ቀድመው ጥቂት ልጅ መውለድ ጀመሩ፣ ሙስሊሙ ዘግይቶ ተከተለ። በመላው አገር በ1992ና 93 አንዲት ሂንዱ ሴት በአማካይ 3.3፣ ሙስሊም ሴት 4.4 ልጅ ትወልድ ነበር። ከ2019 እስከ 2021 በተደረገው ጥናት 1.94 እና 2.36 ሆኗል። ልዩነቱ ከአንድ ልጅ በላይ ነበር፣ አሁን ግማሽ ልጅ አይሞላም። በብዛት ሂንዱ የሆነችው ቢሃር 3.0 ስትወልድ ኬራላ በጠቅላላው 1.8 ነው፤ ሴቷ ትምህርት ቤት ከገባች ሃይማኖቷ የምታመልክበትን እንጂ የምትወልደውን አይወስንም።

ሰውዬው ትክክል የሆነበትም አለ። በሕገ መንግሥታቸው 30ኛ አንቀጽ አናሳዎች የራሳቸውን ትምህርት ቤት የማቋቋም ልዩ መብት አላቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2002 አናሳ ማን እንደሆነ የሚታየው በግዛት ደረጃ ነው ብሏል። መንግሥት ያወጣው ዝርዝር ግን በአገር ደረጃ ስድስት ሃይማኖቶችን ብቻ ነው የያዘው። እናም ሚዞራም ውስጥ 2.7 በመቶ የሆነ ሂንዱ በዝርዝሩ የለም። ይሄ ቅሬታ መሰማት ያለበት ነው እላለሁ።

ካሽሚርን ወደ መጨረሻ ያመጣሁት ከብዶኝ ነው። በ1989 መጨረሻና በ1990 መጀመሪያ ፓንዲት የሚባሉት የሸለቆው ሂንዱዎች በታጣቂዎች ግድያና ዛቻ ከቤታቸው ወጡ። በመቶ ሺህ የሚገመት ሰው ነው፤ የቀሩት ጥቂት ሺዎች ናቸው። ሰንጠረዡን ብታይ ግን ይህን ያህል ነገር የሆነ አይመስልም። በጃሙና ካሽሚር የሂንዱዎች ድርሻ በ1981 32 በመቶ፣ በ2011 28.4 ነው፤ ተፈናቃዮቹ አብዛኞቹ ጃሙ ስለሰፈሩ እዚያው ግዛት ውስጥ ተቆጠሩ። በ1991ም በሁከቱ ምክንያት ቆጠራ አልተካሄደም፤ አሳምም በ1981 እንደዚሁ አልተቆጠረም። ነገሩ በጋለበት ቦታና ሰዓት ሁሉ ሰንጠረዡ ባዶ ነው።

የክፍሌ ልጅ የነበረ ፓንዲት በዕረፍት ጃሙ ወደ ወላጆቹ ወሰደኝ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። ግድግዳው ላይ ካንግሪ ተሰቅሏል፤ በቀጭን እንጨት የተጎነጎነ የሸክላ ማሰሮ ሲሆን ካሽሚሮች በክረምት ፍም ጨምረው ከካባቸው ሥር የሚይዙት ነው። ጃሙ ላይ ምንም አያደርግላቸውም። አባትየው ግን አውርደው አቧራውን በኩታቸው ጠረጉት፣ መልሰው ሰቀሉት፣ አንድም ቃል አልተናገሩም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ሰውዬውን ከመከራከርህ በፊት ከየት ግዛት እንደሆነ ጠይቀው። ከፑንጃብ ከሆነ ስለ 1966 አንሳለት፣ ከኬራላ ከሆነ እናቱ ስንት ወለደች እህቱስ ስንት ብለህ ጠይቀው። ከካሽሚር ዋና ከተማ ከስሪናጋር ነኝ ካለህ ግን ቁጥሩን ተወው፣ ሻይ ግዛለትና አዳምጠው።