ከሲቪዬ ላይ የሰረዝኳቸው አምስት ዓመታት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ ውጭ አገር ባለ የዓለም አቀፍ ጉዳዮች ጥናት ተቋም ፌሎው (ለተወሰነ ጊዜ የሚሠራ ተመራማሪ) ለመሆን እያመለከትኩ ነው። ሞያሌ ጉምሩክ የሠራሁትን ሦስት ዓመት ከሲቪዬ ላውጣው? ከሙያው ጋር አይሄድም ብለውኛል» ትላለች። ሁለት መስመር መልሼላት ልተኛ ነበር፤ ሌሊቱ እንዲሁ ነጋ።

እኔም አውጥቼው ነበርና።

ከ1985 እስከ 1990 ዓ.ም. አሰብ ወደብ ላይ ትራንዚተር ነበርኩ፤ የሰው ጭነት ከጉምሩክ የማስወጣ። የጉምሩክ ዲክላራሲዮን እሞላለሁ፣ ማኒፌስቱን (የመርከቡን የጭነት ዝርዝር) ከጭነቱ ጋር አመሳክራለሁ፣ የተቀደደ ጆንያ እቆጥራለሁ፣ ከሹፌሮች ጋር እጨቃጨቃለሁ። ሙቀቱ ወረቀቱን በላብ ያርሰዋል፤ ክንዳችን ሥር ፎጣ አንጥፈን ነበር የምንጽፈው። አንድ የመጋዘን ኃላፊ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጆንያውን በመዳፋቸው መታ አድርገው ብቻ እርጥበት እንደገባበት ያውቃሉ። ማዳበሪያ ከረጠበ ድንጋይ ይሆናል፤ ገበሬው በመዶሻ ነው የሚፈጨው። ከእሳቸው ልማድ ወስጄ እኔም በደብተር መያዝ ጀመርኩ፤ መርከቡ የገባበት ቀን፣ ማራገፍ የተጀመረበት ቀን፣ ኤንትሬ የጭነት መኪኖቹ ከነተሳቢያቸው ስንት ቀን ቆመው እንደዋሉ። ባለ 50 ሉክ ደብተር አራት ሞላሁ።

ግንቦት 1990 ላይ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተጀመረ፤ አሰብ ተዘጋብን፣ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። እኔም አዲስ አበባ ገብቼ ትምህርቴን ቀጠልኩ።

በ1995 ዓ.ም. አንድ የውጭ የጥናት ተቋም ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ሲቪዬን ከመላኬ በፊት አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ «ትራንዚተር ነበርኩ ካልክ ደላላ ነው የሚሉህ» ብሎኝ ነበር። አምስቱን ዓመት «የግል ሥራ» ብዬ አለፍኩት።

ዓመቱ የድርቅ ነበር። ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ይጠብቃል። ከሦስቱ ጠያቂዎች መካከል ጸጉራቸው የሸበተ አንዲት ሴት ወይዘሮ መነጽራቸውን አውልቀው «የማዳበሪያ መርከብና የእርዳታ ስንዴ መርከብ በአንድ ሳምንት ቢደርሱ የቱ ይቀድማል?» አሉኝ።

መልሱን አውቀው ነበር። ነገሩ ያለው መርከቡ ላይ አይደለም፤ መኪናው ላይ ነው። ስንዴ የጫነ መኪና ወረዳ ደርሶ የሚያራግፍለት አጥቶ ከቆመ፣ ያው መኪና ማዳበሪያ ሊያነሳ አይመለስም። ማዳበሪያው የዘር ወቅቱን ካሳለፈ ደግሞ ለመጪው ዓመትም ስንዴ መለመን ነው። ይህ ሁሉ ደብተሬ ላይ ቀን በቀን ሰፍሯል። ብናገረው ግን «ይህን የት አየኸው?» ሊሉኝ ነው፤ ሲቪዬ ላይ ደግሞ አሰብ የሚባል ቦታ የለም። ስለዚህ የባሕር በር ስለሌላቸው አገሮች ከመጽሐፍ የሸመደድኩትን አነበነብኩ። ሴትየዋ ዝም ብለው ሰሙኝ፤ ከዚያ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። በኋላ እንደሰማሁት እሳቸው ራሳቸው በወጣትነታቸው ሱዳን ውስጥ የእህል መኪና ሲያሰማሩ ነው የኖሩት።

ቦታውን ማጣቴ ብዙም አልቆጨኝም። በዚያ ክፍል ውስጥ ነገሩን እጁ ላይ ይዞት የነበረው እኔ ነበርኩ፤ ያም ሆኖ ዝም አልኩ። ደብተሮቹም ቤት ስንቀይር ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር ተቀላቅለው ባለሱቅ ወሰዳቸው። አንድ ቀን ስኳር ገዝቼ ስመለስ መጠቅለያው ላይ የራሴን የእጅ ጽሑፍ አየሁ፤ የመጋቢት ወር ዝርዝር ነበር።

ልጄ፣ እነዚያ የጥናት ተቋማት ውስጥ ያሉት ሰዎች ከየት እንደመጡ ተመልከቺ። ኮምፈርት ኤሮ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ግጭቶችን የሚያጠናውን የክራይሲስ ግሩፕን ፕሬዚዳንትነት ከመያዛቸው ከብዙ ዓመት በፊት ላይቤሪያ ውስጥ በተባበሩት መንግሥታት ተልዕኮ የፖለቲካ ጉዳዮች ኦፊሰር ነበሩ። የለንደኑን የጥናት ተቋም፣ የቻተም ሃውስን፣ የአፍሪካ ፕሮግራም ለረጅም ጊዜ የመሩት አሌክስ ቫይንስ የሰብዓዊ መብት መርማሪ ነበሩ። ብራሂማ ኩሊባሊ ዋሽንግተን ያለው የጥናት ተቋም ብሩኪንግስ የገቡት ከአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ነው። ንጎዚ ኦኮንጆ-ኢዌላም የናይጄሪያን የገንዘብ ሚኒስቴር ከመሩ በኋላ እዚያው ብሩኪንግስ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1921 የተመሠረተው የኒውዮርኩ የውጭ ግንኙነት ምክር ቤት ደግሞ በየዓመቱ የጦር መኮንኖችን በፌሎውነት ይቀበላል። መኮንኑን የሚፈልጉት ድርሰት እንዲያሳምርላቸው አይመስለኝም።

ስለዚህ ዲግሪው አያስጨንቅሽ። ኤሮም ኩሊባሊም ግን ዶክትሬት አላቸው፤ ከቻልሽ አንቺም ያዢ። ሁለቱ አይጋጩም ወይ ብትይኝ፣ ይጋጫሉ፤ ከሁለቱ አንዱን ጣይ ልልሽ ግን አልችልም።

የዘንድሮ ልጆች ነገር ግን ያሳዝነኛል። በዓመት ሃያና ሠላሳ ሲቪ አነባለሁ፤ ሁሉም «ለውጥ አምጪ መሪ» ነው፣ ሁሉም የኦንላይን ሰርተፍኬት ደርድሯል። ከላይ ያለውን ስም ብትሸፍኚው የማን እንደሆነ አይታወቅም። ከእኛ ይልቅ ደፋሮች ናችሁ፣ ቋንቋውም ቀሏችኋል፤ የሠራችሁትን ለመናገር የምታፍሩት ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ሞያሌን መልሰሽ አስገቢው፤ ያውም ከላይ። የከብት መኪና በየትኛው ወር እንደሚበዛ፣ ኬላው ሲዘጋ በጎን የሚያልፈው ምን እንደሆነ፣ የኬንያው ሺሊንግ ሲወርድ ገበያው እንዴት እንደሚሆን ጻፊ። ማስታወሻ ይዘሽ ከነበረ ፎቶ አንሥተሽ ከማመልከቻው ጋር እስከ ዓርብ ላኪልኝ፤ መነጽሬን አድርጌ አነባለሁ።