መልስ፦ ለፓምፕ ገመድ የትኛው ሂት ሽሪንክ ይሻላል?

ሰላም ወንድሜ። መራዊ ላይ የጉድጓድ ፓምፕህን ገመድ በናስትሮ ብትጠቀልለውም ውሃ እያስገባ ተቸግረሃል፤ ሂት ሽሪንክ (ሲሞቅ ጠቦ ሽቦውን አጥብቆ የሚይዝ የላስቲክ ቱቦ) ይሻላል ወይ ብለሃል። ይሻላል፤ ግን ተራው አይደለም። ውስጡ ሙጫ ያለውን ግዛ። ተራው ሽቦውን ይሸፍናል እንጂ ውሃ አያግድም። ሙጫ ያለው ሲሞቅ ሙጫው ቀልጦ ክፍተቱን ይደፍናል፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ብቅ ሲል ታየዋለህ።

መጠኑ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። 2 ለ 1 የሚባለው ሲሞቅ እስከ ስፋቱ ግማሽ፣ 3 ለ 1 የሚባለው እስከ ሲሶው ይጠባል። ለምሳሌ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ 3 ለ 1 እስከ 4 ይወርዳል። ሳይሞቅ በመጋጠሚያው ላይ ማለፍ አለበት፤ ሲጠብ ደግሞ ከገመዱ ውፍረት በታች መውረድ የሚችል ይሁን። መጋጠሚያው ከገመዱ ስለሚወፍር ላንተ 3 ለ 1 ያዋጣል።

መብራቱን አጥፋ። ሽቦዎቹን ከማገናኘትህ በፊት ላስቲኩን አስገባ! (ይህን ረስቶ የማያውቅ ኤሌክትሪሺያን ባህር ዳርም ደብረ ማርቆስም ያለ አይመስለኝም።) ለእያንዳንዱ ሽቦ ለየብቻ፣ ከዚያ ከላይ አንድ ትልቅ። አየሩ እንዲወጣ ከመሃል ወደ ጫፍ እያሞቅህ ሂድ። ያለህ ላይተር ብቻ ከሆነ ነበልባሉን አንድ ቦታ አታቁመው፤ ይከስልብሃል። እስኪቀዘቅዝም ገመዱን አታጣጥፈው።