ጥያቄና መልስ፦ የአያቴ አርባ በዐቢይ ጾም ዋለ

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የምጽፍልዎ ከቨርጂኒያ ነው። እናት ሆነው ያሳደጉኝ አያቴ ጥር 22 ቀን አዲስ አበባ ውስጥ በዘጠና ዓመታቸው አረፉ። ‹ጣሊያን የገባ ዓመት ነው የተወለድሁት› ይሉ ነበር። ለቀብራቸው አልደረስሁም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት አእምሯቸው ደክሞ ቀኑ ሁሉ ዓርብ ይመስላቸው ነበር፤ ወተት ስናቀርብላቸው ‹ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ?› ብለው አፋቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ። መድኃኒቱ በባዶ ሆድ ስለማይወሰድ፣ ሄጄ ባስታመምኋቸው ጊዜ እኔም እንደ ሌሎቹ ‹ማክሰኞ ነው እምዬ› እያልሁ አጠጣኋቸው፤ በእውነተኛው ዓርብ ጭምር። ይህ ይቆጠርባቸው ይሆን? ደግሞ አርባቸው በዐቢይ ጾም ይውላል፤ አጎቶቼ ‹ተበድረንም ቢሆን ከፋሲካ በኋላ በሰንጋ እናወጣለን› ይላሉ። በዚያ ቀን የሚነበብ የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ የታዘዝሁት እኔ ነኝ፤ ግን ምን እጽፋለሁ? ጧፍ ከመሥራትና እኛን ከማሳደግ በቀር የተለየ ነገር የሌላቸው የቤት እመቤት ነበሩ።»

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የእናታችንን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን።

ከወተቱ ልጀምር፤ ደብዳቤሽን ያጻፈሽ እርሱ ይመስለኛል። አይቆጠርባቸውም። ጾም የታዘዘው ለሚችል ሰው ነው፤ በሕመምና በእርጅና የደከመውን ቤተ ክርስቲያን አታስጨንቅም፣ የንስሐ አባቱ አይቶ ያቀልለታል። አያትሽ ደግሞ ወተቱን የጠጡት ጾሙን ንቀው አይደለም፤ በልባቸው እየጾሙ ነው። ሕሙማንን ስጠይቅ እንዲህ ያለ ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ፦ አእምሮው የደከመ ሰው ዕድሜ ልኩን ወደተመላለሰበት ነገር ይመለሳል። አንዱ ጡረታ ከወጣ ስንት ዘመኑ ሆኖ ሳለ ማለዳ ተነሥቶ ወደ መሥሪያ ቤቱ ካልሄድሁ ይላል፤ አንዷ ከሞተ የቆየ ባሏን ለራት ትጠብቃለች። የእናንተዋ እናት የልጆቻቸው ስም ሲጠፋባቸው ዓርብ አልጠፋባቸውም። ዓርብ ደግሞ ጌታ የተሰቀለበት ቀን ነው። እኔ ብሆን በዚህ አላዝንም፤ እቀናለሁ እንጂ።

የአንቺ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። «ማክሰኞ ነው» ማለትሽ ውሸት ነው፤ በርኅራኄ የተነገረ ቢሆንም እውነት ነው ልልሽ አልችልም። ካህኑ ተጠርተው «እማማ፣ እኔ ፈቅጄልዎታለሁ፣ ይጠጡ» ቢሏቸው ሳይቀበሉ አይቀሩም ነበር፤ በዚያ ትውልድ ዘንድ የንስሐ አባት ቃል ከሐኪም ቃል ይበልጣል። አረጋዊ ያላችሁ ሌሎች አንባቢዎችም ይህን ልብ በሉ፤ ካህኑን ለቁርባንና ለቀንዲል ብቻ ሳይሆን ለእንዲህ ያለው ነገርም ጥሩ። አንቺ አሁን የሚጠበቅብሽ ነገሩን ለንስሐ አባትሽ መናገርና የሚሰጡሽን ቀኖና መፈጸም ነው። ከተናዘዝሽው በኋላ መልሰሽ አታብሰልስዪው።

ወደ አርባው እንምጣ። ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት ብለን ቀን የምንቆጥረው ለጸሎቱ ነው፤ ሰንጋው ኋላ የመጣ ነው። ለሙሴ ሠላሳ ቀን ተለቅሶለታል፤ ለያዕቆብ አርባ ቀን ተፈጽሞለታል፤ ጌታችንም ከሙታን በተነሣ በአርባኛው ቀን ዐርጓል። ስለዚህ ፍትሐቱና ቅዳሴው በዕለቱ ይደረግ፤ ጾም ስለሆነ ወደ ፋሲካ አይገፋም። ፍትሐት የማይደረገው በሰሙነ ሕማማት ነው፤ ለዚያም ሲባል በሆሣዕና ዕለት ለሁሉም በአንድነት ይጸለያል። ማዕዱን በተመለከተ፣ በዐቢይ ጾም በአዘቦት ቀን ቅዳሴው የሚገባው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ከቅዳሴ መልስ ሽሮና ምስር፣ ዳቦና ንፍሮ ይቀርባል። በዚያ ላይ አያትሽ ራሳቸው የሚበሉት ምግብ ነው።

አጎቶችሽ በፍቅር ነው የሚናገሩት፤ ክፉ አስበው አይደለም። «ለእናቱ እንኳ አላወጣም» መባል በእኛ ዘንድ ከባድ ነው። ይሁን እንጂ የእርሻ በሬውን ሸጦ ተዝካር ያወጣ፣ ለክረምቱ ደግሞ በሬ ለመከራየት እህሉን ያስያዘ ገበሬ በአገራችን ስንት እንደነበረ ታላላቆቻችን ያውቃሉ። ያንን ያዘዘች ቤተ ክርስቲያን አይደለችም። መጽሐፈ ጦቢት እንጀራህን በጻድቃን መቃብር ላይ አፍስ ይላል፤ ጌታም ግብዣ ስታደርግ ድሆችን፣ ጉንድሾችን፣ አንካሶችን፣ ዕውሮችን ጥራ ብሏል። ብድራት የማይመልሱት እነርሱ ናቸውና። እንግዲህ የተዝካር ማዕድ ለእነርሱ ነው። ከድንኳኑ ውስጥ ሹሙና ባለ መኪናው ተቀምጦ ነዳያኑ በር ላይ ትርፍራፊ የሚጠብቁ ከሆነ ማን እንደ ተዘከረ እኔ አላውቅም። አጎቶችሽ ካላቸው ላይ ያውጡ፤ ተበድረው ግን አያውጡ። ይህን አንቺ ከምትነግሪያቸው የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ይሻላል፤ ከውጭ አገር ብር የምትልክ የእኅት ልጅ ስታዝዝ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

ስለ ሕይወት ታሪኩ የጻፍሽው አሳቀኝም፣ አሳዘነኝም። «ጧፍ ከመሥራትና እኛን ከማሳደግ በቀር!» በየቀብሩ የሚነበበውን እሰማለሁ፤ ግማሹ የሟች ሳይሆን የልጆች ታሪክ ነው፦ አንዱ ኢንጂነር፣ አንዷ ሐኪም፣ ሦስቱ አሜሪካ። እናትየው የት እንደ ገቡ አይታወቅም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ ዶርቃ በኢዮጴ ስትሞት መበለቶቹ ለቅዱስ ጴጥሮስ ያሳዩት ምን ነበር? እያለቀሱ በእጇ የሠራቻቸውን ቀሚሶችና ልብሶች አሳዩት፤ የዘር ሐረጓን የቆጠረ የለም። አያትሽ የሠሩት ጧፍ ደግሞ በርቶ ያለቀ ስለሆነ ለማሳየት አይገኝም፤ ስለዚህ ጻፊው። ጥጡን ማን ያመጣላቸው ነበር? ፈትሉን ገምደው በሰም ሲያሹት መዳፋቸው ምን ይሸት ነበር? ለየትኛው ደብር፣ በየትኛው በዓል ይወስዱት ነበር? ለስንት ሕፃን ክርስትና እናት ሆኑ? በጽዋ ማኅበራቸው ተራቸው ሲደርስ ምን ይደግሱ ነበር፣ ከማን ጋር ተኳርፈው እንዴትስ ታረቁ? አዎ፣ ኩርፊያውንም ጻፊ፤ ከታረቁ ታሪኩ የዕርቅ ነው። «ክፉ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም» የሚለውን ግን ተዪው፤ ጎረቤቶቻቸው ቁጭ ብለው ይሰማሉ።

ስለ ማሳደጉም ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ እምነትህ አስቀድሞ በአያትህ በሎይድና በእናትህ በኤውንቄ ነበረ ይለዋል። መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ሎይድ የሚነግረን ይህችን ብቻ ነው፤ የት እንደ ተወለደች፣ ምን እንዳላት አንዳች አልተጻፈም። የልጅ ልጇ ግን ጳጳስ ሆነ። አንቺም ውዳሴ ማርያምን ከማን አፍ እንደ ተማርሽ ጻፊ።

ለቀብር አለመድረስሽን በተመለከተ፣ ፍትሐት በመንገድ ርቀት አይከለከልም። አዲስ አበባ ውስጥ በሚደረግበት ዕለት እዚያው ቨርጂኒያ በምትሳለሚው ቤተ ክርስቲያን ስማቸውን ሰጥተሽ አስጸልዪ፣ አስቀድሺ፤ ብትዘጋጂ ቁረቢ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በምሥጢሩ ፊት ያረፉትን ማሰብ ከሐዋርያት የመጣ ትእዛዝ እንደ ሆነና በከንቱ እንዳልታዘዘ አስተምሯል። ደግሞ ይህ ጸሎት በሕይወት ሳለን የምንገባውን ንስሐ የሚተካ እንዳይመስልሽ። ፎቶግራፍ በጥብጣብ አስጊጦ ማቆሙ ሥርዓትም ኃጢአትም አይደለም፤ ቅዱሳት ሥዕላት ካሉበት ቦታ ብቻ ይራቅ። ጥቁር ልብሱን መቼ እንደምታወልቂ የተወሰነ ቀን የለም።

ካህናቱ የሚጠይቁሽ የክርስትና ስማቸውን ነው። ብዙዎች አያታቸውን ዕድሜ ልካቸውን «እምዬ» እያሉ ስለሚያድጉ እዚያ ላይ ሲደርሱ ይደነግጣሉ። ካላወቅሽው ዛሬውኑ ወደ አጎቶችሽ ደውዪ፤ እነርሱም ካላወቁ የንስሐ አባታቸው አያጡትም። ሰማንያው ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ስለሚውል፣ ሰንጋ የግድ ካሉ፣ ሳይበደሩ የሚችሉትን ያህል ለነዳያን በዚያ ቀን ያድርጉት፤ አርባው ግን በሽሮ ይሁን።