መልስ፦ ዘማቹ ገበሬ ሲሄድ መሬቱን ማን አረሰው?

ወንድሜ፣ አያትህ በ1969 ዓ.ም. ከአዳማ ዙሪያ (ያኔ ናዝሬት ነበረች) በሚሊሻነት ሲዘምቱ መሬታቸውን ማን እንዳረሰው ጠይቀሃል። የገበሬ ማኅበሩ ነው። የዘማች ማሳ በአባላቱ ጉልበት ይታረስ፣ ይታረም፣ ይታጨድ ነበር። በእርግጥ ሰው የራሱን ሳይጨርስ ስለማይመጣ ዘሩ ይዘገያል፤ ለጤፍ ደግሞ መዘግየት ክፉ ነው።

አባቴ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ወደ ምሥራቅ ዘመተ፤ ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጦር ነፃ ስትወጣ እዚያው ነበር። ሲመለስ ከሁለቱ በሬዎች አንዱ ሞቶ ጠበቀው። ባለ አንድ በሬ ጎረቤት ፈልጎ ተቀናጀ፤ ማለትም በሬዎቻቸውን አንድ ላይ ጠምደው የሁለቱንም ማሳ በተራ ያርሱ ነበር። ግራ እጁ ስለቆሰለ እርፉን በቀኙ ጨብጦ ሲያርስ ጅራፉን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ትልሙ አንድም ቀን አልተጣመመም። አያትህ በሕይወት ካሉ ስለ ውጊያው ከመጠየቅህ በፊት ስለ መቀናጆው ጠይቃቸው።