ዋጋውን ማን ነው የቆረጠው?

ሰላም ወንድሜ። አንዲት ጎረቤትህ የሟች ባለቤታቸውን አምፕሊፋየርና ሸክላ ማጫወቻ በ3 ሺህ ብር ሊሸጡልህ እንደተስማሙ፣ አዲስ አበባ ብትወስደው ግን ከ20 ሺህ በላይ እንደሚያወጣ ጽፈሃል። ነውር ነው ወይስ ንግድ ብለህ ጠየቅክ። እኔ እዚሁ ድሬ ቴፕና ስፒከር እየጠገንኩ፣ እየገዛሁ እየሸጥኩም ነው የምኖረው። ንጹህ ነኝ ብዬ አይደለም የምመልስልህ።

ትርፍ በራሱ ነውር አይደለም። እዚህ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ገብተህ ከነጋዴ ብትገዛ እሱም ሥራውን ያውቃል፣ አንተም ታውቃለህ፣ ተከራክራችሁ ትለያያላችሁ። ደግሞም ያገለገለ እቃ በገዙት ቀን አይሸጥም። የድሬን ሙቀት ታውቀው የለ? ባለፈው አንድ የካሴት ማጫወቻ ስከፍት ቺንጋው ቀልጦ እንደ ሬንጅ ተጣብቆ አገኘሁት። በአልኮልና በጥጥ እሱን ስጠርግ ግማሽ ቀን ሄደ፤ ጣቴ ሦስት ቀን ጥቁር ነበር። የድሮ ስፒከር ዙሪያው ያለው ስፖንጅ ሲነኩት ይፈረፈራል። ካፓሲተር የሚሉት የውስጥ እቃ ይደርቃል። የሸክላ ማጫወቻ መርፌ ከውጭ የሚልክልህ ዘመድ ከሌለህ ጣጣ ነው። ይሄን ሁሉ ሠርተህ ብታተርፍ ማን ምን ይልሃል?

ጥያቄህን ደግሜ ሳነበው ግን አንድ ነገር ያዘኝ። «ስንት ያወጣል ልጄ ሲሉኝ 3 ሺህ አልኳቸው» ብለሃል። አቦ፣ ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ዋጋውን ራሳቸው ቆርጠው ቢሆን ሌላ ወሬ ነበር። እሳቸው ግን ዋጋ የጠየቁህ ገዢ ነህ ብለው ሳይሆን አዋቂ ነህ ብለው ነው።

እኔም አድርጌዋለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ቴክኒክስ ኤስኤል 1200 የሚባል ሸክላ ማጫወቻ በፎጣ ጠቅልለው አመጡልኝ። ፋብሪካው በፈረንጆቹ 2010 ማምረት አቁሞ ስለነበር ፈላጊው ብዙ ነበር። «አንተ ታውቃለህ፣ የመሰለህን ስጠኝ» አሉኝ። 1,500 ብር ቆጠርኩላቸው። መርቀውኝ ሄዱ። በሁለተኛው ሳምንት በ14 ሺህ ሸጥኩት። የሠራሁለት ነገር አቧራውን መጥረግ ብቻ ነው። እሳቸው ግን በሱቄ በር ባለፉ ቁጥር «ደህና ሰው እጅ ገባ?» ይሉኛል። እኔ ሲመጡ ካየሁ የተከፈተ ሬዲዮ ውስጥ አንገቴን እቀብራለሁ። ትንሽ ብር ልጨምርላቸው ብዬ አስቤም ነበር፤ ምን ብዬ እንደምሰጣቸው ጠፋኝ።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1710 ውል አንዱን ወገን ስለጠቀመ ብቻ አይፈርስም ይላል። የሰውየውን ችግር፣ የዋህነት፣ እርጅና ወይም ንግድ አለማወቅ መጠቀሚያ አድርገህ ካስማማኸው ግን ሊፈርስ ይችላል። ለአንድ አምፕሊፋየር ፍርድ ቤት የሚሄድ እንደሌለ አውቃለሁ። ግን አራቱንም ቃላት አንብብና እማማን አስብ።

አሁን ዋጋ የጠየቀኝን ሰው አዲስ አበባ ስንት እንደሚሸጥና ጥገናው ስንት እንደሚፈጅ እነግረዋለሁ። ከፈለገ በግማሽ እገዛዋለሁ፤ ካልቸኮለ ሸጬለት ከመቶ 20 እወስዳለሁ። አብዛኛው «አሁኑኑ ስጠኝ» ነው የሚለው። ይስጠው፣ አውቆ ነው።

ለሚገዛህም እንደዚያው። በተለይ ከጂዳ የመጣ እቃ ከሆነ ጀርባውን እይ። ለ110 ወይም ለ127 ቮልት የተሠራ ከሆነ የኛ 220 ያጨሰዋል። ትራንስፎርመር ብታደርግለትም የድሮ ሸክላ ማጫወቻ ሞተሩ ለ60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ጊዜ ለሚመላለስ ኤሌክትሪክ) ከተሠራ በኛ 50 ይዘገያል፤ ዘፋኙ እንቅልፍ የያዘው ይመስላል። ይሄን ደብቀህ ብትሸጥ ሰውየው ቤቱ ሲደርስ ነው የሚያውቀው።

እና ነገ ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ እማማ ጋ ሂድ። «አጣርቼ ነበር፣ ከነገርኩዎት ይበልጣል» በላቸው። ሸክላዎቹም አብረው ካሉ አንድ በአንድ እያቸው። በ1960ዎቹ የወጡ የአማርኛ ትንንሽ ሸክላዎች ከማጫወቻው በላይ ሊያወጡ ይችላሉ። ዋጋቸውን ግን እኔን አትጠይቀኝ፤ እኔም ፈላጊ ነኝ።